ለመድኃኒቱ የተለቀቀው መደርደሪያ

ናዝሬት ልጄ፣ ገብርኤል በሄድሽበት ይከተልሽ፤ እጅሽ የነካው ሁሉ ይባረክ። እኔ ደህና ነኝ፤ ናፍቆትሽ ብቻ ነው የሚያስቸግረኝ።

ሹፌሩ ጀንበሬ ከአዲስ አበባ ያመጣልኝ ቅቤ እዚህ በጅቡቲ ሙቀት ሱቄ ሳይደርስ ቀለጠ። አንቺ የምትመራመሪበት መድኃኒት ግን ሲቀዘቅዝ ፈሳሽ ነው፤ በመርፌ የካንሰር ዕጢ ውስጥ ሲገባ በሰውነት ሙቀት ይረጋል፤ ከዚያ በብርሃን ሲያሞቁት ዕጢውን እያቃጠለ መድኃኒቱን ይለቃል ብለሽኝ የለ?

ይህንኑ ለአክስትሽ ለውብነሽ ነገርኳት። በማግስቱ ከሱቁ ፍሪጅ የላይኛው መደርደሪያ ለስላሳውን ሁሉ አውጥታ፣ አጥባው ጠበቀችኝ።

«በዚህ ሙቀት ያልቀዘቀዘ ለስላሳ ማን ይገዛኛል?» ብላት፣

«አንቺ ደግሞ ከነንግድሽ! የናዚ መድኃኒት ሲመጣ የት ልናስቀምጠው ነው?» አለችኝ።

ለጡት ካንሰሯ ሆስፒታል የቀጠሩላትን መርፌ እንኳ «የናዚ እስኪደርስ» እያለች አሳለፈችው። ያንቺ ገና በአይጥ ላይ እንደሚሞከር ልነግራት ጀምሬ፣ ፊቷን ሳይ ተውኩት።

አንቺ ደውለሽ እውነቱን ንገሪያት፤ ከእኔ ይልቅ አንቺን ትሰማለች። ሕክምናዋን ትጀምር።

መደርደሪያውን አልነካባትም። ለገና ባዶ እጅሽንም ቢሆን ነይልን፤ የምትጠጪውን ውሃ እዚያ አቀዘቅዝልሻለሁ። በሰው አገር የሚወድሽ ሰው አያሳጣሽ።

እናትሽ ስርጉት