አባ ኮዳ ስምንት ዓመት አልተራበም

ለተከበሩ የ«አራዊት ሸለቆ» ቪዲዮ ጌም አዳዲስ ደንቦች አውጪ ክፍል ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ይህ ደብዳቤ ከሀዋሳ፣ ከታቦር ተራራ ሥር ተነሥቶ እጅዎ ሲገባ ጤናዎ የተሟላ፣ እንቅልፍዎ የሰመረ፣ የቤትዎም ሰዓት አንዲት ደቂቃ ሳያዛንፍ የሚቆጥር ሆኖ እንዲያገኝዎ ከልብ እመኛለሁ። በአማርኛ የጻፍኩልዎ በድፍረት አይደለም። ጌምዎ በአምስት ዓመት ውስጥ አንድም ቀን በአማርኛ አናግሮኝ ስለማያውቅና እስከ ዛሬ እኔው እየተረጎምኩ ስረዳው ስለኖርኩ፣ የመተርጎሙ ተራ አሁን የእርስዎ ቢሆን አግባብ መስሎ ስለታየኝ ብቻ ነው።

ደብዳቤው ለሕዝብም ስለሚደርስ፣ ነገሩን ለማያውቁ የከተማዬ አንባቢዎች ጥቂት ላስረዳ። «አራዊት ሸለቆ» ከቴሌቪዥን ጋር ተያይዞ በሚሠራ የጌም ማሽን የሚጫወቱት ጨዋታ ነው። ተጫዋቹ በሸለቆው እየዞረ በእውኑ ዓለም የሌሉ አራዊትን ይይዛል፣ ያላምዳል፣ ይመግባል፣ ከሌሎች ተጫዋቾች አራዊትም ጋር ያወዳድራል። ሌላው ሰው በመቶ የሚቆጠር አውሬ ይሰበስባል። እኔ ማቴዎስ ፍቅሬ፣ በሃምሳዎቹ ዕድሜ የምገኝ የመሬት ቅየሳ ባለሙያ፣ በዚህ ሸለቆ ውስጥ ያለኝ አንድ ወፍ ብቻ ነው። ይቅርታ፣ የነበረኝ ማለቴ ነው።

ወፉን የያዘችው ልጄ ሃሴት ናት፤ ያኔ የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ነበረች። ራሰ በራ፣ እግረ ረጅምና አንገቱ ላይ ከረጢት ያንጠለጠለ ስለሆነ፣ በሐይቁ ዳር በዓሣ ገበያው ዙሪያ እንደ ተቆጣጣሪ ተጀንነው የሚቆሙትን ወፎች ስም ሰጥታ አባ ኮዳ አለችው። ሕክምና ልትማር ወደ ጅማ ስትሄድ እኔና እናቷ መናኸሪያ ድረስ ሸኘናት። አውቶቡሱ ሊንቀሳቀስ ሲል አንገቷን በመስኮት አውጥታ የተናገረችው የመጨረሻ ቃል «አባዬ፣ አባ ኮዳን አደራ!» የሚል ነበር። አደራ የሚባለውን ነገር የሚመለከት ደንብ በጌምዎ ውስጥ ስላልገጠመኝ በአጭሩ ልግለጽልዎ። በእኛ ዘንድ ሰው የገዛ ንብረቱ ሲጠፋ ያዝናል፤ አደራ የጠፋበት ግን አደራ ሰጪውን ላለማግኘት መንገድ ይቀይራል።

ሦስት ዓመት ሙሉ ጠዋት ወደ ሥራ ከመውጣቴ በፊት አባ ኮዳን መገብኩ፤ ከሥራ ስመለስም አሠለጠንኩ። ስለ ትምህርቷ ስጠይቃት «ደህና ነው» ከማለት የማታልፈው ልጅ፣ ስለ አባ ኮዳ ሲሆን የስልኳ ሒሳብ እስኪያልቅ ታወራኝ ነበር። በዕድሜዬ ያሉ አባቶች ይህ ምን ማለት እንደሆነ ይረዱኛል።

ከዚያም የካቲት ላይ አዲሱ ማሻሻያዎ መጣ። በማሻሻያው መሠረት አራዊቱ እንደ እውነተኛ ፍጡር በማሽኑ ሰዓትና ቀን እየተቆጠረ ይራባሉ፣ ይተኛሉ፣ ያረጃሉ። ቸል የተባለ አውሬ ጠባቂውን ጥሎ ይሄዳል፤ የተሻለ ጠባቂም ይመደብለታል። ሐሳቡ ግሩም ስለሆነ ምስጋናዬን በቅድሚያ አቀርባለሁ። አፈጻጸሙን በተመለከተ ግን የሚከተሉትን ጥቃቅን ቅሬታዎች በታላቅ ትሕትና እገልጻለሁ።

፩ኛ. ስለ ቀኑ። ማሽኑ በተገዛበት ዕለት መጀመሪያ ያቀረበልኝ ጥያቄ ዛሬ ቀኑ ስንት ነው የሚል ነበር። እኔም እውነቱን መለስኩ። ዓመቱን፣ ወሩን፣ ሰዓቱንም ሳይቀር ልክ እኛ እንደምንቆጥረው፣ ሳሎናችን ግድግዳ ላይ እንደተሰቀለው ቀን መቁጠሪያ አድርጌ ሞላሁ። የማን አቆጣጠር እንደሆነ አልጠየቃችሁኝም፤ ብትጠይቁኝ በደስታ አስረዳ ነበር። ይህ ደግሞ ቀላል ሥራ እንዳይመስልዎ። ጥቅምትን ሁለተኛ ወር ብዬ ስለምሞላ ማሽኑ ፌብሩዋሪ መስሎት ወሩን በሃያ ስምንተኛው ቀን ሊዘጋብኝ ይሞክራል፤ እኔም ጠብቄ በእጄ አስተካክለዋለሁ። ጳጉሜንማ ጭራሽ አያውቃትም። ስለዚህ በጳጉሜ ማሽኑን አጥፍቼ አባ ኮዳን አሳርፈውና መስከረም አንድ ላይ ቀኑን እንደገና እሞላለሁ። ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ስከፍተው ሸለቆው ድቅድቅ ጨለማ ነው፤ ማታ ስከፍተው ፀሐዩ አናት ይበሳል። እኔ ግን የሰው አገር የአየር ጠባይ አይነቀፍም ብዬ አንድም ቀን አላማረርኩም። ያኔ ሰዓቱ ሰማዩን ከመቀባት ያለፈ ሥልጣን አልነበረውም።

፪ኛ. ስለ ታዛዥነቴ። ማሻሻያው ሊጫን ሲል «የማሽንዎ ቀን የተሳሳተ ስለሆነ ሳያስተካክሉ መቀጠል አይችሉም» የሚል ማስጠንቀቂያ መጣ። ስሜ ከስሕተት ጋር አብሮ ሲነሣ ስለማልወድ እዚያው በእናንተ አቆጣጠር አስተካከልኩ። በዚያችው ቅጽበት አባ ኮዳ ከበላ ስምንት ዓመት ሞላው። ጠዋት በእጄ ያጎረስኩት ወፍ ላባው ሸብቶ፣ ደረቱ ሰርጉዶ ብቅ አለ። ስክሪኑም ጠባቂው ስምንት ዓመት በረሃብ እንደተወው አስታወቀ። ወፉ አንድ ጊዜ ዞር ብሎ አየኝና ሸለቆውን ተሻግሮ ሄደ። ትእዛዙን የሰጣችሁት እናንተ ናችሁ፤ የታዘዝኩት እኔ ነኝ፤ የተቀጣሁትም እኔው ነኝ። እንዲህ ያለው አሠራር የእኛ መሥሪያ ቤቶች የግል ሀብት ይመስለኝ ነበርና፣ ብቸኝነት እንዳይሰማን ስላደረጋችሁ ከልብ አመሰግናለሁ።

፫ኛ. ስለ ስሌቱ። እኔ ሞልቼው በነበረው ቀንና እናንተ ባዘዛችሁኝ ቀን መካከል ያለው ልዩነት በጥንቃቄ ሲሰላ ሰባት ዓመት ከስምንት ወር ነው። ስምንት ዓመት አይደለም። አጥር በአንድ ክንድ ተገፋ ተብሎ ጎረቤት ከጎረቤት በሚካሰስበት ከተማ ውስጥ ሜትር ይዤ ዕድሜዬን የፈጀሁ ሰው ነኝ። አራት ወር ረሃብ በማጠጋጋት ሲታከልብኝ ዝም ብል ሙያዬን እንደ ካድኩ ይቆጠራል።

፬ኛ. ስለ ወፉ ጤና። ስምንት ዓመት እህል ሳይቀምስ ቆይቶ በገዛ እግሩ ተራራ የሚወጣ ወፍ ከተገኘ፣ መመርመር ያለበት ወፉ እንጂ እኔ አልነበርኩም።

፭ኛ. ስለ ማዕረጌ። በአዲሱ ደንብ መሠረት በሸለቆው ውስጥ በሚንቀሳቀሰው ምስሌ ራስ ላይ «ቸልተኛ ጠባቂ» የሚል ጽሑፍ በቀይ ቀለም ሰቅላችሁልኛል። ይህ በደንብ ወደ አማርኛ ሲመለስ አደራ በላ ማለት ነው። የሸለቆው ነጋዴዎች አይሸጡልኝም፤ ሌሎች ተጫዋቾችም ሲያዩኝ አራዊታቸውን ሰብስበው ዞር ይላሉ። በታቦር ባልና ሚስት ሲጋጩ ለሽምግልና የምጠራ ሰው መሆኔን ለመጥቀስ እገደዳለሁ። ማሽኑን የሸጠልኝን የባህል አዳራሽ ሰፈሩን ነጋዴ ጠሀን መፍትሔ ይኖረው እንደሆነ ልጠይቀው ብሄድ፣ ጽሑፉን በስልኬ ካነሣሁት ፎቶ ላይ አንብቦ ሳቁን በመዳፉ ከደነና «ጋሼ፣ ይቺን የእድሩ ዳኛ እንዳያዩዋት ብቻ!» አለኝ። ወዲያው ደግሞ አዘነልኝ መሰለኝ፣ «እዚህ አገር ቢሆን እኮ ጋሼ ይግባኝ ነበረው» ብሎ አጽናናኝ። ስለ ይግባኙ ከጠሀ ጋር ሙሉ በሙሉ ባንስማማም ቅንነቱን አልዘነጋም።

፮ኛ. ስለ ስንብት። ማሽኑ ከመጥፋቱ በፊት አውሬውን መሰናበት ያስፈልጋል፣ ካልተሰናበቱት ቅር ይለዋል የሚለው ደንብዎ ለወጣቱ ጨዋነትን የሚያስተምር ነው። በእኛ ሰፈር ግን መብራት ራሱ ተሰናብቶ ሄዶ አያውቅም። ለዚህም እኔ ስጠየቅ ትንሽ ይከብደኛል።

፯ኛ. ስለ አዲሱ ጠባቂ። አባ ኮዳ ከተመደበለት ሰው ዘንድ እንዴት እንደሚኖር የሚያሳይ ካርድ ስለላካችሁልኝ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ቁስል ላይ ጨው መነስነስ እንዲህ በሚያምር ሥዕል ተደግፎ አይቼ አላውቅም። ስሙ ወርቃማው ማዕበል ተብሏል። በቀኝ እግሩ ላይ ሪባን ታስሯል፤ ራሰ በራነቱም በባርኔጣ ተሸፍኗል። እኔ ራሴ ፀጉር ከተለየኝ ስለቆየ፣ ባርኔጣውን በግል ለእኔ እንደተላከ መልእክት ላለመውሰድ ጥረት እያደረግሁ ነው።

ክቡር ሆይ፣ ሃሴት ለፋሲካ ትመጣለች። እስካሁን አልነገርኳትም። በደወለች ቁጥር «አባ ኮዳ እንዴት ነው?» ትለኛለች፤ እኔም «ደህና ነው» ብዬ ስልኩን ለእናቷ አቀብላለሁ። እናቷ ነገሩ ገብቷታል። ስልኩን ስትቀበለኝ የምታየኝ አስተያየት እናንተ ራሴ ላይ ከሰቀላችሁት ጽሑፍ በብዙ ይከብዳል። ስለሆነም ወፉ ከነስሙ፣ ባርኔጣው ሳይጨምር፣ ከፋሲካ በፊት እንዲመለስልኝ፤ ጽሑፉ ከራሴ ላይ እንዲነሣልኝ፤ ያለአግባብ የታከሉብኝም አራት ወራት እንዲቀነሱልኝ በማክበር እጠይቃለሁ።

ጥበብዎ ከእኔ አቆጣጠርም ከእርስዎም አቆጣጠር በላይ የሆነ፣ ውሳኔዎ ከምርመራ የሚቀድም፣ ጊዜዎ እጅግ ውድ በመሆኑ የሰውን ጊዜ ለመጠየቅ የማይበቃዎ ታላቅ ሰው ነዎትና፣ ይህችን ደብዳቤ እስከዚህ ካነበቡልኝ ወንበርዎ እንደጸና፣ ሰማይዎም በሰዓቱ እየነጋ እየመሸ ይኑርልዎ እያልኩ በጥልቅ አክብሮት እሰናበታለሁ።

ማቴዎስ ፍቅሬ
ታቦር፣ ሀዋሳ
(በእናንተ ማኅደር፦ ቸልተኛ ጠባቂ)

ከፊርማዬ በታች የታከለ፦ ደብዳቤው ለሕዝብ ከመድረሱ በፊት ሃሴት ደወለች። ከሰው አፍ ከምትሰማው ከእኔ ብትሰማው ይሻላል ብዬ ነገርኳት። «እንዴት ሆኖ አባዬ?» አለች። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አስረዳኋት። ጥቅምት ሃያ ስምንት ላይ ስደርስ ሳቋን መያዝ አቅቷት ስልኩ ወደቀባት። ሳቁ ሲበርድላት «አሁን ያለበት ቦታ ይበላል?» አለችኝ። ካርዱን አየሁ፤ የሆዱ መለኪያ ሙሉ ነው። «ይበላል» አልኳት። «በቃ እዚያው ይሁን፤ ከለመደው ሰው ነጥለው እንደገና አያንገላቱት። ስመጣ አብረን ሌላ እንይዛለን፤ ቀኑን ግን የምሞላው እኔ ነኝ» አለች። ስለዚህ ወፉ ይመለስልኝ ያልኩትን አንሥቻለሁ። አራቱን ወር አላነሣሁም። ልብ ይበሉልኝ ክቡር ሆይ፦ ወፉም አደራውም የእሷ ሆኖ ሳለ፣ ከመፍረዷ በፊት እንዴት ሆኖ ብላ ጠየቀችኝ። ለሚቀጥለው ማሻሻያዎ አዲስ ደንብ ካጣችሁ ይህንን መውሰድ ትችላላችሁ።