ሊሞዥ ላይ የተቀመጥኩት ለቅሶ

ሰኞ

ዛሬም አባዬን በስልክ አላገናኙኝም። «ተኝቷል» አለኝ ወንድሜ ሙሄ። ትናንትም ተኝቷል ነበር። አባዬ በቀን የሚተኛ ሰው ነው እንዴ? ከተማችን ባምባሲ ውስጥ እሱን በቀን ተኝቶ ያየ ካለ ይምጣና ይመስክር!

እዚህ ፈረንሳይ ያመጣኝ አፈር ነው። አሶሳ ኮሌጅ የአፈር ትምህርት አስተምራለሁ። ነጩን አፈራችንን በፌስታል ቋጥሬ ለአጭር ስልጠና ሊሞዥ መጣሁ፤ ከእንዲህ ያለው ነጭ አፈር ያንን ስስ የፖርሴሊን ሳህን የሚሠሩበት ከተማ ነው። ስነሳ አባዬን ሆዱን ያመው ነበር። «ቃር ነው፣ ሂጂ» አለኝ። እኔ ሞኟ ሄድኩ።

ከሰዓት ከተማውን አስጎበኙን። የባቡር ጣቢያቸው ትልቅ ጉልላት አለው፤ ከሩቅ መስጊድ መስሎኝ ነበር። ሌላው ፎቶ ሲነሳ እኔ ስልክ እሞክራለሁ። አይገባም።

ማክሰኞ

ገባ። ባይገባ ይሻል ነበር።

ቤቱ ሰው ሞልቷል። ወንዶች ዝቅ ባለ ድምፅ ያወራሉ፤ ጎረቤታችን እትዬ ፋጡማ ሳህን አቀብሉኝ ትላለች። «ማነው ያለው?» አልኩት ሙሄን። «ጎረቤት ነው፣ እንዲሁ መጥተው ነው» አለ። በሥራ ቀን? እንዲሁ? «እሺ እማዬን ስጠኝ» ስለው ወጣ ብላለች አለኝ። ከዚያ ድምፁን ለስለስ አድርጎ ጠየቀኝ፦ «ምሳ በልተሻል? አጠገብሽ ሰው አለ?»



እኛ ዘንድ መርዶ ለሩቅ ሰው በስልክ አይነገርም። መጀመሪያ እንዲበላ ይደረጋል፣ ሰው ይጠጋዋል፣ ከዚያ በማለዳ ተሰብስበው ያረዱታል። አብራኝ የምታስተምረው የደብረ ማርቆስ ልጅ እናቷ ስትሞት፣ «ትንሽ አሟታል፣ ሄደሽ እያት» ብለን እስከ መናኸሪያ የሸኘናት እኛው ነን። ቋንቋውን አውቀዋለሁ። ሙሄ እኔን ሊያታልለኝ!

ረቡዕ

እንቅልፍ የለም። ምግብ አይወርድም።

አልሞተም የሚያሰኘኝ፦ ለቅሶ አልሰማሁም። የሙሄ ድምፅ አልተንቀጠቀጠም።
ሞቷል የሚያሰኘኝ፦ ሌላው ሁሉ።

የድሮ ሥጋ ሻጮች ይኖሩበት የነበረ መንገድ ወሰዱን። ከእንጨት የተሠሩ፣ ወደ መንገዱ ያዘነበሉ ቤቶች። ያምራሉ ይላሉ። አሰልጣኛችን ማዳም ሞኒክ፣ ፀጉሯ የሸበተ ጠና ያለች ሴት፣ «አሞሻል?» አለችኝ በእንግሊዝኛ። «ብርዱ ነው» አልኳት። ይኸው፣ እኔም መዋሸት ጀመርኩ።

ለሙሄ መልእክት ላክሁለት፦ «መቼ ቀበራችሁት?» መልስ የለም። የባምባሲ ኔትወርክ ጠፍቶ ይሁን፣ የሚለው ጠፍቶት ይሁን፣ አላህ ይወቀው።

ሐሙስ

አዋረድኩ ራሴን። ግን ይውጣልኝ።

ሙዚየም ገብተን ነበር። ሳህን፣ ሳህን፣ ሳህን። ብርሃን የሚያሳልፍ ስኒ። አስጎብኚው ስለ እሳቱ ሙቀት ሲያብራራ አንድ ማንቆርቆሪያ አየሁ፤ ነጭ፣ ባለ ሰማያዊ አበባ፣ አፉ ረዘም ያለ። አባዬ ለሶላት ሲታጠብ የሚይዛት የፕላስቲክ ማንቆርቆሪያ ትዝ አለችኝ። አፏ ተሰንጥቆ በክር ያሰራት። ስንት ጊዜ አዲስ ልግዛልህ ብዬው «ውሃ ትይዛለች እኮ» ያለኝ። ያችን አሁን ማን ያነሳታል?

«አባዬ! ወይኔ አባዬ!» ብዬ ወለሉ ላይ ዘጭ አልኩ። ጮህኩ። ደረቴን መታሁ። ዘበኛው እየሮጠ መጣ፤ ዕቃ የሰበርኩ መስሎት ይሆናል። ሰዎቹ ግራ ገብቷቸው ቆመው ያዩኛል። ማዳም ሞኒክ ግን በዚያ በጥሩ ቀሚሷ አጠገቤ መሬት ላይ ተቀመጠች። «አባትሽ?» አለችኝ። ራሴን ነቀነቅሁ። ሌላ አልጠየቀችም፤ እጄን ይዛ አብራኝ አለቀሰች።

ሻርፔን አዘቅዝቄ ክፍሌ ተቀመጥኩ። ሾርባ አመጣችልኝ። ሠልጣኞቹ አበባ ገዝተው መጡ፤ የሞሮኮው ልጅ ቁርዓን ቀራ። ለቅሶ ቤት ሆነ። አገሬ ላይ አልቅሼ ባልቀብረውም፣ ያለ ሰው አላለቀስኩም።

ዓርብ

ቁርስ ላይ ስልኬ ጮኸ። የሙሄ ቁጥር። መርዶው መጣ ብዬ አነሳሁት።

«ማነው የቀበረኝ?»

አባዬ! ድምፁ ቀጥኗል፣ ግን እሱ ነው፣ ቁጣው ራሱ እሱ ነው። ወንበሩን ይዤ ጮህኩ። ምግብ ቤቱ ሁሉ ዞሮ አየኝ፤ ለምደውኛል።

ሆዱ ውስጥ እባጭ ተገኝቶበታል። ነገ ከአሶሳ አዲስ አበባ በአውሮፕላን ይወስዱትና ይቀደዳል። ቤቱን የሞላው ሰው ለዱዓ የመጣ ነው። «ትምህርቷን ጥላ እንዳትመጣ» ብለው ተማክረው ደበቁኝ። «እኔ ውሸት አልችልበትም፤ ስልኩን አታምጡብኝ አልኳቸው» አለኝ። ተሳደብኩ። ሙሄን፣ እማዬን፣ እትዬ ፋጡማን፣ ማንንም አላስቀረሁ። እሱ ሳቀ፣ ከዚያ ሳል ያዘው።

«ብቻሽን አለቀስሽ?»
ስለ ማዳም ሞኒክ ነገርኩት።
«መሬት ላይ ተቀመጠች?»
«አዎ።»
«እንግዲያ ዘመድ ናት። ሰላም በያት።»

ለማዳም ሞኒክ አባቴ አልሞተም ማለት እንዴት ያሳፍራል! ስነግራት መጀመሪያ አልገባትም። ሲገባት ትከሻዬን በቡጢ መታችኝና እቅፍ አደረገችኝ። እየሳቀች ታለቅሳለች። ቲኬቴን ያስቀየረችልኝ እሷ ናት፤ ነገ እበራለሁ። አዲስ አበባ ስደርስ እሱ ከኦፕራሲዮን ይወጣል ወይ ገና ይገባል።

አንዱን ግን አልነገርኳትም። ስልኩን ከመዝጋቴ በፊት «አባዬ፣ ፈርተሃል?» አልኩት።

«አዎ» አለኝ። «ቶሎ ነይ።»