ቅጹ ላይ የጻፍኩት ዕድሜ

መርካቶ፣ የካቲት 1997 ዓ.ም.

ውድ ጋሽ ከተማ፣

ከሞትክ ዛሬ አርባ ሦስት ቀንህ ነው። የምጽፍልህ ላለቅስልህ አይደለም፤ አልቅሼ ጨርሻለሁ። የምጽፍልህ ተናድጄ ነው።

ትናንት ከሸዋርካብሽ ጋር ጡረታ ቢሮ ሄደን ነበር። ማኅደርህን የያዘው ወጣት ቀና ብሎ እንኳ ሳያያት፣ "እትዬ፣ ባለቤትዎን እሳት አልነካቸውም። የሐኪሙ ወረቀት የሚለው የልብ ድካም ነው። ስለዚህ የሥራ ላይ አደጋ ተብሎ አይያዝም" አላት።

"ልቡ የደከመው የት ነው?" አልኩት።

"ደረጃ ላይ።"

"ትከሻው ላይ ምን ነበር?"

ማኅደሩን ማገላበጥ ጀመረ። ውሃ የሞላ ቱቦ ነበር! ከአንዋር መስጊድ ጀርባ ያለው መንገድ በሸቀጥ ተዘግቶ የእሳት አደጋ መኪናችሁ አላልፍ ሲል፣ ቱቦውን ተሸክማችሁ ወደሚነደው የፍራሽ መጋዘን ሮጣችሁ። ባለሱቆቹ "ዕቃዬን አትርገጡ!" እያሉ ይጮሁባችሁ ነበር። የእነሱን ንብረት ለማዳን ሦስተኛ ፎቅ ልትወጣ ስትል ሁለተኛው ላይ ወደቅክ።

ልጁ ቀጠለ። የአደጋ አበልህ ለጡረታ አይታሰብም፤ የሚታሰበው ዋናው ደመወዝህ ብቻ ነው፤ ከዚያም ላይ ለሚስት ግማሹ።

"ኑሮ ሲወደድ ይስተካከላል?" ብዬ ጠየቅኩት።

"በጀት ሲኖር።"

ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ በየወሩ ከደመወዝህ ሲቆርጡ፣ በጀት አለህ ወይ ብለው ጠይቀውህ ያውቃሉ?

"ደግሞኮ ለጡረታ አንድ ዓመት ነበር የቀራቸው" አለ ማኅደሩን እየዘጋ። "ሃምሳ አራት ዓመታቸው ነበር።"

እስከዚያ ድረስ ጠረጴዛ ስደበድብ የነበርኩት ሰውዬ ጸጥ አልኩ። ለምን ጸጥ እንዳልኩ አንተ ታውቃለህ።

በ1966 አንተ አውቶቡስ ተራ ሻንጣ ትሸከም ነበር፣ እኔ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበርኩ። እሳት አደጋ ሠራተኛ ሊቀጥር ማስታወቂያ አወጣ፤ ዕድሜው ከሃያ አምስት ያልበለጠ ይላል። ሳነብልህ ሳቅክ። "ታዲያ ስድስት ዓመት ቀንስልኛ! ማን ሊቆጥር ነው?" አልከኝ። ሃያ ዘጠኝ ዓመትህ ነበር። ሃያ ሦስት ብዬ ሞላሁት፣ ያውም በእጅ ጽሑፌ እየኮራሁ። በኋላ ሸዋርካብሽን ስታገባም ያንኑ ዕድሜ ነገርካት። "ያገባችኝኮ በቅጹ ነው" እያልክ ስንት ጊዜ ሳቅን!

ቢሮው የሚያውቀው መጀመሪያ የተሞላውን ዕድሜ ነው። ጡረታ መውጣት የነበረብህ የዛሬ አምስት ዓመት ነው። በስድሳ ዓመትህ ቱቦ አሸክሞ ያንን ደረጃ ያስወጣህ የእኔ እስክሪብቶ ነው። ይህን ለቢሮው ብናገር ደግሞ ሐሰተኛ ሰነድ ነው ብለው ያችን ግማሽ ጡረታ ይከለክሏታል።

ከቢሮው ስንመለስ ሸዋርካብሽ ወረቀት ሰጠችኝ። "ለሰማንያው የመቃብሩ ድንጋይ መድረስ አለበት። ሠሪው ጽሑፉን አምጪ ብሎኛል። አንተ የተማርከው ጻፍልኝ።"

ስምህን ጻፍኩ። ከሥሩ "የተወለደው 1937" አልኩ። አነበበችው።

"አርባ ሦስት አይደለም እንዴ?"

ሁሉንም ነገርኳት። እስክጨርስ አላቋረጠችኝም። ከዚያ በጣቷ ቆጠረች።

"እና እውነቱ ቢጻፍ ኖሮ አምስት ዓመት ሙሉ እቤቱ፣ አጠገቤ ይቀመጥ ነበር?"

"አዎ።"

ትሰድበኛለች ብዬ ጠበቅኩ። ወረቀቱን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

"ድንጋዩ ላይ እውነቱ ይጻፍ። የቢሮ ሰው መቃብር ድረስ አይመጣም። ይግባኙን ግን አንተ ትጽፋለህ፤ እስኪሰለቻቸው ድረስ ትጽፋለህ። የእጅ ጽሑፉ ያምራል ይልህ ነበር።"

እያመሰገነችኝ አልነበረም።

ዛሬ ጠዋት የመጀመሪያውን ይግባኝ አስገባሁ። የቱቦውን ክብደት፣ የደረጃውን ብዛት፣ የጭሱን ዓይነት፣ አንድም ሳላስቀር አስፍሬዋለሁ። ካልሰሙኝ ሁለተኛውን አስገባለሁ፤ ከዚያም ሦስተኛውን። እነሱ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ አልተዋቸውም።

"የሟች ዕድሜ" የሚለው ቦታ ላይ ስደርስ ግን ቆምኩ። ከዚያ ሃምሳ አራት ብዬ ጻፍኩ፤ በዚያው በሚያምረው የእጅ ጽሑፌ፣ ለሁለተኛ ጊዜ።

ቅጽህን የሞላሁት፣
ይገረም