ብርማ ቀለም ስለተቀባው ቦይለር

ለክቡር ኦቦ ዘርሁን
የብርድ ልብስ ፋብሪካው ሥራ አስኪያጅ
ሰበታ

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ አከም ጅርቱ እያልኩ ለእርስዎ፣ ለቤተሰብዎና በተለይም ለሳንባዎ ጤንነትን እመኛለሁ። እኔ ሸዋነሽ ነኝ፤ ከፋብሪካው አጥር ጀርባ የምኖር፣ ለቦይለርዎ ከሰል የሚያጎርስልዎ የሚልኬሳ ባለቤት። ቢሮዎ ደጅ ተመላልሼ ሁልጊዜ ስብሰባ ላይ ናቸው ስለተባልኩ፣ ስብሰባዎን ላለማወክ ስል በአደባባይ መጻፌን በትልቅነትዎ ይቅር ይበሉኝ።

አንደኛ፣ ስለ ጥቀርሻው ላመስግንዎ። ራስዎ የቀጠሯት ኢንጂነር ሄመን፣ ጭሱ የሚያልፍባቸው ቱቦዎች ውስጣቸው ጥቀርሻ ስለጋገረ ሙቀቱ ውሃው ዘንድ ሳይደርስ በጭስ ማውጫው እየወጣ ነው፣ ቦይለሩ ቆሞ ይጠረግ ብላ ብታመለክት፣ እርስዎ በብርድ ልብስ ሥራ ያካበቱትን ልምድ አስታውሰው፣ ጥቀርሻው ለቦይለሩ ብርድ ልብሱ ነው፣ ሙቀቱን ይይዝለታል፣ እንዳትነኩት ብለው አዘዙ። ከዚያ ወዲህ እንፋሎቱ አልበቃ እያለ ሚልኬሳ ከሰሉን እላይ በላዩ ይጨምራል፣ ሙቀቱም ሽቅብ ይሄዳል። ቡራዩና ሱሉልታ በብርድ ሲንዘፈዘፉ የሰበታን ሰማይ ለይተው ስላሞቁልን ውለታዎን አንረሳም።

ሁለተኛው ከሰሉን ይመለከታል። ርካሹን መርጠው ስለሚገዙ ድኙ የበዛ ነው፤ ጭሱ እርጥበት ሲያገኝ ወደ አሲድነት ይለወጣል አሉ። ቦይለሩ በቀዘቀዘ ቁጥር አሲዱ ቱቦዎቹን ከውስጥ ይበላል፣ ክረምት ሲገባ ደግሞ የእኛን ቆርቆሮ ከላይ። ጎረቤቴ አሲያ ከሱቋ ላስቲክ እየቆረጠች ባትሰጠኝ ኖሮ ቤቴ ወንፊት ሆኖ ይቀር ነበር። አሁንም ቢሆን ዝናብ መጀመሩን የማውቀው አልጋዬ ላይ ተኝቼ በአፍንጫዬ ነው፤ ይህን ምቾት ስላደረጉልኝ እግዜር ይስጥልኝ።

ሦስተኛ። ቱቦዎቹ ሳስተው አንደኛው ማንጠባጠብ ሲጀምር፣ ኢንጂነር ሄመን ሳይፈነዳ አሁንስ ይቁም ብላ ብትማጸንዎ፣ የሠራተኞች ምግብ ቤት ኃላፊ አድርገው ሾሟት። ቦይለሩን ግን አልረሱትም። እንግዶች ሊጎበኙ ይመጣሉ ሲባል ከላይ እስከ ታች ብርማ ቀለም አስቀቡት፤ እንግዶቹም አዲስ መስሏቸው ከፊቱ ቆመው ፎቶ ተነሡ። እኛ ሰበታዎች እንግዳ ሲመጣ ቤት ማሳመር እናውቅበታለን፣ እንዲህ ያለውን ግን አይተን አናውቅም።

በዚያው ሳምንት ከቦይለሩ ክፍል ጎን የነበረው ቢሮዎ ወደ ግቢው ማዶ መዛወሩን ሰማሁ። አየር ለመለወጥ ነው ተብሏል፤ ለጤንነትዎ እሳሳለሁና ደስ ብሎኛል። ሚልኬሳ ግን የሚዛወርበት የለውም። የሚውለው እዚያው እሳቱ ፊት ቆሞ ነው። ጠዋት ፎጣውን አቀብለውና መንገዱን እስኪጨርስ በሩ ላይ ቆሜ አየዋለሁ። ፈርቻለሁ፣ ክቡር ሆይ። ይህን በትሕትና አሳምሮ መጻፊያው መንገድ ጠፍቶኛል። ቦይለሩ ይቁም፣ ይጠረግ፣ የሳሱት ቱቦዎችም ይቀየሩ፤ ሌላ ነገር አልለመንኩዎትም።

ለጥበብዎ ወሰን ያጣችለት፣ ጭስዎን ያለ ክፍያ ተቀብላ የምታስተናግድ፣ ባሏን ግን አብዝታ የምትወድ ትሑት ጎረቤትዎ፣

ሸዋነሽ ባይሳ

ማሳሰቢያ፦ ሚልኬሳና የፈረቃ ጓደኞቹ ትናንት ተነጋግረው ተስማምተዋል። ከሰኞ ጀምሮ እሳቱ የሚለኮሰው እርስዎ ቦይለሩ አጠገብ ተቀምጠው የሚውሉ ከሆነ ብቻ ነው። ወንበር አዘጋጅተንልዎታል። ምሳዎን እኔው አመጣለሁ፤ የሚጾሙ ከሆነ አስቀድመው ያሳውቁኝ።