የአደሎ ኩባያ

ይድረስ ለውድ እህቴ ለእትዬ የዓለምዘርፍ፣ ደብረ ማርቆስ።

እንዴት ሰነበትሽ እትዬ? ጉልበትሽ ተሻለው ወይስ አሁንም ዳገት ስታዪ መንገድ ትቀይሪያለሽ? እማማን እንቅልፍ ይወስዳቸዋል? ባለቤትሽን ጋሼ ፈንታውንስ ያ ሳል ለቀቃቸው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን አካሌ ደህና ነው። ሌላው ግን ደህና አይደለም። ደህና ነኝ ብዬ እንዳልጽፍ፣ ስዋሽ ከልጅነቴ ጀምሮ ታውቂብኛለሽ። ይህን ደብዳቤ እዚህ ፖስታ ቤት አልሰጠውም፤ ይከፈታል ብዬ ፈራሁ። ጎረቤቴ ከድር ነጋዴ ነው፤ ጅማ ድረስ በኪሱ ይዞልኝ ሄዶ ከዚያ ይልክልኛል።

እዚህ የቡና ለቀማ ተጀምሯል። ክሊኒካችን ከወባው ሌላ አረቄ ያመጣውን ሕመምተኛ ያስተናግዳል። ባለፈው ሳምንት ሰኞ ከቡና መጋዘኑ ጓድ አስረስ የሚባል ሹም መጣ። አረቄ በድንገት አቋርጦ እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ግድግዳው ላይ ጉንዳን ይታየዋል። አልጋ ሰጠነው፤ ማረጋጊያ ክኒን በሰዓቱ ሰጠነው፤ ካርዱ ላይ «የነርቭ ሕመም» ተብሎ ተጻፈ። በአምስተኛው ቀን በእግሩ ወጣ። ደግ አደረግን፤ ሰውየው ታሞ ነበርና።

ከትናንት በስቲያ ሐሙስ ደግሞ አደሎ መጣ። እዚያው መጋዘን ጆንያ ተሸካሚ ነው። ያው አረቄ፣ ያው መንቀጥቀጥ። አደሎ ግን ማንጆ ነው፤ በዘሩ የሚናቅ ወገን። እዚህ አገር ሰዉ ከማንጆ ጋር በአንድ ዕቃ አይጠጣም፤ ውሃ እንኳ ሲሰጡት ከላይ ሆነው መዳፉ ላይ ያፈሱለታል። የክሊኒኩ ኃላፊ ወልደአማኑኤል ቀና ብሎ ሳያየው «ሰካራም ነው፣ ቀበሌ ወስደው ይሰሩት» አለ። ታስሮ ያለ መድኃኒት ካደረ ሊሞት ይችላል ብዬ ለመንኩት። በስንት ልመና በረንዳ ላይ ሰሌን ተነጠፈለት። ውስጥ ሁለት አልጋ ባዶ ነበር፣ እትዬ።

አሁን የምነግርሽን አፍሬበታለሁ። ክኒኑን ይዤ ስወጣ የጽዳት ሠራተኛዋ ጥሩነሽ «በኩባያው እንዳትሰጪው፣ ነገ ማንም አይጠጣበትም» አለችኝ። እኔም እሺ አልኩ። የተማርኩት ነርስ እኔ! ክኒኑን መዳፉ ላይ አድርጌ ውሃውን ከላይ አፈሰስኩለት። የሚንቀጠቀጥ እጅ ውሃ ይይዛል? ውሃውም ክኒኑም በጣቶቹ መሃል ሾልኮ ጭቃ ገባ። መድኃኒቱ በቁጥር ስለሆነ ፈራሁና ሌላ አላመጣሁም፤ ካርዱ ላይ ወስዷል ብዬ ምልክት አደረግሁ። ከሰዓት በኋላ አደሎ ግትር ብሎ ወደቀ፤ ምላሱን ነክሶ አፉ ደም በደም ሆነ። ሚስቱ በየነች አልጮኸችብኝም። «እህቴ፣ እጁ ውሃ የሚይዝ ቢሆንማ እዚህ ምን አመጣን?» ብቻ አለችኝ።

ነፍሱን ሲያውቅ ኩባያውን አመጣሁ። ሰው ሁሉ እያየ መጀመሪያ እኔ ተጎነጨሁለት፤ ከዚያ ራሱን ደግፌ ክኒኑን አስዋጥኩት። ካርዱ ላይ የአስረስን «የነርቭ ሕመም» እንዳለ ገለበጥኩ፤ የመጀመሪያው ክኒን በእኔ ጥፋት እንደፈሰሰም ጻፍኩ። ጥሩነሽ ያን ኩባያ የት እንደጣለችው አላውቅም። የእኔንም የሻይ ብርጭቆ ለብቻው ታስቀምጠው ጀመር።

ትናንት ወልደአማኑኤል ጠርቶኝ ካርዱን ፊቴ ቀደደው። ሌላ ካርድ ሰጥቶ «ሰክሮ መጣ፣ ሕክምና አያስፈልገውም» ብለሽ ፈርሚ አለኝ። ከራሱ በላይ ግድግዳው ላይ ስለ ጭቁኖች እኩልነት የሚናገር ትልቅ ወረቀት ተለጥፏል። ካልፈረምኩ ሩቅ ጠረፍ፣ ማጂ እንደሚያዛውረኝ፣ ስሜንም ለቀበሌው እንደሚሰጥ ነገረኝ። ከፈረምኩ ነገ ጠዋት የቀበሌ ጠባቂዎች አደሎን ይወስዱታል። ዛሬ ገና ሦስተኛ ቀኑ ነው፤ ሕመሙ የሚበረታው አሁን ነው።

አባባ ትዝ አሉኝ። አረቄ ያቆሙ ጊዜ እንዲህ ሲንቀጠቀጡ፣ ያቺን የቆርቆሮ ኩባያ ይዘሽ ጥርሳቸው እየተንገጫገጨባት ታጠጫቸው ነበር። ጎረቤቱ ሁሉ ታመሙ እያለ ሊጠይቃቸው መጣ እንጂ ሰካራም ያላቸው አልነበረም። አደሎ ከአባባ በምን ይለያል? እስኪ ንገሪኝ።

አልፈርምም፣ እትዬ። ፈርቻለሁ፤ ግን አልፈርምም። የሚቀጥለው ደብዳቤ ከማጂ ቢመጣልሽ አትደንግጪ። ጨርሶ ቢቀር ለእማማ ሥራ በዝቶባት ነው በያቸው።

የእማማን ጉልበት ሳሚልኝ። ጋሼ ፈንታው ትንባሆውን ይቀንሱ፤ ይቺ ደግሞ ከዚያ ሆና ታዘኛለች ብለው ይስቁ። ልጅሽ ውድነሽ በትምህርቷ እንዳትሰንፍ፣ ትንሹን ወልደጻድቅን ሁለት ጉንጩን ሳሚልኝ።

አንድ ነገር ላኪልኝ፤ የአባባን የቆርቆሮ ኩባያ። አደሎ አሁን የሚጠጣው በእኔ ብርጭቆ ነው፤ ጥርሱ ሲንገጫገጭበት ይሰበራል ብዬ እሰጋለሁ። እስኪደርስ እሱ በሕይወት ይቆይ አይቆይ አላውቅም። ቢሆንም ላኪው፤ ከእሱ በኋላም የሚመጣ አለ።

እህትሽ አሰጋሽ
ሚዛን ተፈሪ፣ ቅዳሜ ጥቅምት 18 ቀን 1976 ዓ.ም.