ወጪው ማነው?

ረቡዕ፣ ጥቅምት 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ዛሬ የእህል ነጋዴው ማርቆስ ከሥራ አሰናበተኝ። ከሟች አባቱ ጊዜ ጀምሮ በተበላ ከተማ ዙሪያ ያለውን ገበሬ ከሶዶው የበቆሎ መጋዘናቸው ጋር የማገናኘው እኔ ነበርኩ። ማን ዘንድ እህል እንዳለ ጠይቄ እደውልለታለሁ፤ መኪናው የሚመጣበትን ቀን ደግሞ ለገበሬው እነግራለሁ። አሁን የእሱ ኮምፒውተር በቆሎውን ከሚገዛው የመኖ ፋብሪካና ከተበላው የገበሬዎች ማኅበር ኮምፒውተር ጋር ተገናኘ። ፋብሪካው የሚፈልገውን ሲጽፍ ሁለቱም እዚያው ያዩታል።

“እማማ አስቴር፣ ባዶውን የሚመለስ መኪና ቀረልን እኮ!” አለኝ ደስ ብሎት።

“እኔስ?”

“እርስዎማ ይረፉ እንጂ። ስንት ዘመን ለፍተዋል!”

“ዕረፍት ይበላል እንዴ?”

ኮምፒውተሩን ወደ እኔ አዞረው። በስተርጅና የተማርኳትን ፊደል አንድ በአንድ እየለቀምኩ አነበብኩ። “ወጪ ቀንሷል” ይላል። እኔ ከበር የሚወጣ ሰው መስሎኝ፣ “ወጪው ማነው?” አልኩት።

ሳቀብኝ። “ኧረ እማማ፣ ሰው አይደለም! የምናወጣው ገንዘብ ነው።”

አብሬው ሳቅሁ። ምን ላድርግ?

ከሰዓት በኋላ ከተበላ አንድ ገበሬ ደወለ። “መኪናው መቼ ነው የሚመጣው?” አለኝ። አላውቅም ለማለት አፍሬ ኔትወርክ የጠፋ አስመስዬ ዘጋሁት።

ማርቆስ ይሳቅ። እሱ ወንበሩ ላይ ቀረ፤ ነጠላዬን አንስቼ ከዚያ በር የወጣሁት እኔ ነኝ። ልክ ነበር ያነበብኩት።