እሳት ካልሆነ በቀር

ይድረስ ለውድ እህቴ፣ ለእትዬ፤

እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽስ ከደረጃው ጋር ታረቀ ወይስ አሁንም በየፎቁ እየቆምሽ ታማርሪዋለሽ? ባልሽ ማንኮራፋቱን ቀነሰ? ልጆቹስ? አበቦችሽ ብርዱን ቻሉት? አንድ በአንድ ጻፊልኝ። እኛ ደህና ነን፤ የአማቴ፣ የባለቤቴ አባት፣ ዳሌና የእኔ ህሊና ሲቀሩ። ዳሌው እየዳነ ነው ብሎናል ሐኪሙ።

ባለፈው ደብዳቤሽ «አሁንም ትሥላለህ ወይስ ድስት ብቻ ታማስላለህ?» ብለሽኝ ነበር። ሁለቱንም፣ እትዬ። እንደምታውቂው ባለቤቴ ጎህ ሳይቀድ አውቶቡሷን ልትነዳ ትወጣለች፤ ቤቱ ለእኔ ይቀራል። ልጄን አበጥራለሁ፣ ትምህርት ቤት አደርሳለሁ፣ አጥባለሁ፣ ምሳ እሠራለሁ፣ የማይመጣ ቧንቧ ሠሪ እጠብቃለሁ። የምሥልባት ክፍል ከመታጠቢያ ቤቱ አጠገብ ያለችው ጠባቧ ናት፤ ስቱዲዮ የምላት እንግዳ ሲመጣ ብቻ ነው። እዚያ ገብቼ ብሩሽ ባነሳሁ ቁጥር አንድ ሰው ካልሲ ይጠፋበታል። አንድ ቀን ብሩሹን ሻይ ውስጥ ነክሬ፣ የብሩሹን ማጠቢያ ልጠጣ ስል አማቴ እጄን ያዙኝ። «ይህ ቤት ሕግ ያስፈልገዋል» አሉ።

አማቴ ሠላሳ ዓመት የፍርድ ቤት ጸሐፊ ነበሩ። ጡረታ የወጡት እርሳቸው እንጂ እጃቸው አይደለም። ወረቀት አስምረው ጻፉ። አንቀጽ አንድ፦ ሠዓሊው ከሦስት እስከ ስድስት ሰዓት ከቤት እንደሌለ ይቆጠራል። አንቀጽ ሁለት፦ የበር ደወል፣ የገነፈለ ድስትና የጠፋ ካልሲ አይመለከቱትም። አንቀጽ ሦስት፦ እሳት ካልሆነ በቀር ማንም አይጠራውም። አራታችንም ፈረምን፤ ልጄ በእርሳስ። ይህን ሁሉ የደከሙት ለእኔ ብለው እንደሆነ እወቂልኝ። ሕጉም ሠራ። ለአንድ ኤግዚቢሽን ከተጠየቅኩት ሦስት ሥዕል ሁለቱን ጨረስኩ። ሦስተኛው የባለቤቴ አውቶቡስ ነው፤ ተሳፋሪ ሳይገባበት፣ በመስኮቶቹ የማለዳው ሰማያዊ ብርሃን ሲገባ።

ጉድ የሠራኝ ያ ሰማያዊ ነው። ከሦስት ሳምንት በፊት፣ ማክሰኞ፣ አራት ሰዓት ገደማ፣ ቤት ውስጥ ያለነው እኔና አማቴ ብቻ ነበርን። ቀለሙ እሺ ሊለኝ ሲል ከግድግዳው ማዶ የአማቴ ምርኩዝ ሲመታ ሰማሁ። አንዴ። ቆየት ብሎ ሁለተኛ። በሦስተኛው ብሩሼን ከሸራው አነሳሁ። ከዚያ «ሳሙና ወድቆባቸው ይሆናል» አልኩና ጆሮ ዳባ ልበስ ብዬ ቀጠልኩ። እትዬ፣ ሰምቻለሁ። ስድስት ሰዓት ሲሆን፣ በሕጉ መሠረት ስወጣ፣ መታጠቢያ ቤቱ ወለል ላይ ወድቀው አገኘኋቸው። ሲላጩ ኖሯል፤ በግማሽ ፊታቸው ላይ አረፋው ደርቋል። «ምነው አባባ፣ አይጮሁም ነበር?» ስላቸው፣ «እሳት አልነበረማ» አሉኝ።

ሐኪም ቤት ባለቤቴ ከነዩኒፎርሟ ደረሰች። «አልሰማህም?» አለችኝ። ዓይኔን በጨው አጥቤ «አልሰማሁም» አልኳት። «አዎ፣ ግድግዳው ወፍራም ነው» ብላ ሰበቡን ራሷ ፈለገችልኝ። ከእኔ ውሸት ይልቅ የእሷ ማመን አንጀቴን በላው። ከዚያ ቀን ወዲህ ብሩሽ አልነካሁም። ወለሉን እስኪታክተው ድረስ እወለውላለሁ፤ ጎረቤት ሁሉ «አማች ማለት እንዲህ ነው» ይለኛል። የኤግዚቢሽኑ ኃላፊ ስትደውል «ድስት ጥጃለሁ» እላታለሁ።

እሑድ ዕለት አማቴን አልጋቸው ላይ ስላጫቸው «አውቶቡሱ የት ደረሰ?» አሉኝ። «ትቼዋለሁ፤ እርስዎን ላስታምም» አልኳቸው። «በእኔ አታሳብብ፤ ዳሌዬ የራሱ ሸክም ይበቃዋል» አሉ። ቀጥለው፣ ዓይናቸውን ጣሪያው ላይ ተክለው፣ «ብሩሽህ ሸራውን ሲፈትግ ይሰማኝ ነበር። ሦስተኛውን ስመታ ቆመ። ከዚያ ቀጠለ። እኔም ሕጌ ትዝ አለኝና ምርኩዙን አስቀመጥኩ» አሉኝ። ምላጩ እጄ ላይ ቀረ። ለልጃቸው ነግረዋት እንደሆነ ጠየቅኳቸው። «እኔ ጸሐፊ ነበርኩ፤ ምስክር ሆኜ አላውቅም። አንተው ንገራት።»

ትናንት ከሥራ ስትገባ፣ ጫማዋን ሳታወልቅ፣ ነገርኳት። ወንበሩ ላይ ተቀመጠች። ብትሰድበኝ በስንት ጣዕሙ። ሾርባውን ከፊቷ ገፋ አድርጋ «ሥዕሉ አለቀ?» አለችኝ። አላለቀም አልኳት። «ጨርሰው። አባቴ ያን ያህል ሰዓት ወለል ላይ የተኛው ለግማሽ ሥዕል እንዳይሆን። ይቅርታህን ግን ዛሬ አልቀበልም፤ ደክሞኛል።»

ዛሬ የክፍሌን በር ከነማጠፊያው ነቅዬ ጓዳ አቆምኩት። ከአማቴ አልጋ እስከ ሸራዬ ዘጠኝ እርምጃ ነው፤ ቆጥሬዋለሁ። ባሳላቸው ቁጥር ብድግ እላለሁ። «ሳሉ የያዘው እኔን፣ የሚያስነሳው አንተን ነው እንዴ? ተቀመጥ» ብለው ይቆጡኛል። ሰማያዊው አልመጣም። ሆኖም ከሦስት ሰዓት ጀምሮ እየሞከርኩ ነው፤ ምስሩም አላረረም።

ለባልሽ ሰላምታዬን አቅርቢ፤ በጎኑ ይተኛ በይው። ልጆቹን ጉንጫቸውን ሳሚልኝ፤ ታላቁ ጢም አበቀለ የሚባለው እውነት ከሆነ ግንባሩን። አማቴ «ለታላቅ እህትህ አክብሮቴ ይድረስ» ብለው አጽፈውኛል። ልጄ፣ ያቺ ተከራካሪ፣ አንቺ መቼ እንደምትመጪ ቁርጥ ያለ ቀን ትፈልጋለች። ባለቤቴ ሰላም በልልኝ አላለችኝም፤ በእሷ ስም መጻፍ ደግሞ ሌላ ውሸት ይሆንብኛል። ከታች አንድ መስመር ክፍት ትቼላታለሁ። ደብዳቤው እስከ ዓርብ ጠረጴዛው ላይ ሳይታሸግ ይቆያል።

. . . . . . . . . . . . . . . . . . . . . .

ታናሽ ወንድምሽ
በር ከሌላት ክፍል፣ ረቡዕ፣ ጥቅምት ፳፫ ቀን